ለ1978ቷ ጎልድ ዊንግ የንፋስ ሾክ መግጠም፦ የአንድ ሞተር ሙሉ ታሪክ

ጥቅምት ላይ ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ሞተር ሳይክሌን እየነዳሁ ነበር። ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችኝ። አንድ ጊዜ ከሆነ «ቀስ በል» ማለቷ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ቁም»። ዳር ይዤ ቆምኩ። ወረደችና ወገቧን ይዛ ትንሽ ቆየች። «መንገዱ ምንም አልሆነም፤ ሞተሩ ነው የሚመታኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስካይላይን ድራይቭ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ የተራራውን ጫፍ ጫፍ ይዞ የሚሄድ 105 ማይል መንገድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው። በዚያ ፍጥነት የኋላ ሾክ (የመንገዱን ምት የሚያለዝበው ዕቃ) ጥግ ከመታ፣ ማለትም እስከ መጨረሻው ከተጨመቀ፣ ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም። የዚያን ቀን ሦስት ነገር አየሁ። ትንሽ ጉብታ በረገጥን ቁጥር ከኋላ «ጓ!» የሚል የብረት ድምፅ ይመጣል። ረዘም ያለ ኩርባ ውስጥ ኋላው ቀስ እያለ ግራና ቀኝ ይዋልላል። ሲመሽ ደግሞ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ መብራት ያበራብኛል። ኋላው ስለተቀመጠ የእኔ መብራት ወደ ላይ ቀና ብሎ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር።

ቤት ስደርስ ውሳኔዬ አልቆ ነበር፤ የንፋስ ሾክ፣ ማለትም ንፋስ እየተሞላ የሚስተካከል ሾክ፣ እገጥማለሁ። ገጠምኩም፤ አልቆጨኝም። ግን ከሦስቱ ችግሮች አንዱን የፈታው ንፋሱ አልነበረም። ይህን ታሪክ በዝርዝር የምጽፈው በዋናነት ለዚያ ነው። አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ እኔ ያሰብኩትን ሊያስብ ይችላል።

ሞተሩ 1978 ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ጂኤል 1000 ነው። ጎልድ ዊንግ ለሰው የታየው በ1974 ኮሎኝ ከተማ በተደረገው የሞተር ትርኢት ላይ ነው፤ በ1975 ሞዴል ሆኖ አሜሪካ ገባ። ጠፍጣፋ አራት ሲሊንደር፣ ውሃ የሚያቀዘቅዘው፣ በሰንሰለት ፋንታ በሻፍት (በሚሽከረከር ዘንግ) የሚነዳ። ነዳጁ ያለው ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ታንከር የሚመስለው ከፊት ያለው ነገር ሌላ ዕቃ መያዣ ነው። ይህ ክብደቱን ዝቅ ስላደረገው ሲሄድ በጣም የተረጋጋ ነው። ባዶውን ግን ከ260 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እሱ ላይ ሁለት ሰውና የጎን ሻንጣ ሲጨመር የኋላ ሾኮቹ ምን ያህል እንደሚሸከሙ ማሰብ ነው።

ሆንዳ ራሱ በ1980 ጂኤል 1100ን ሲያወጣ ከፊትም ከኋላም በንፋስ የሚስተካከል ሾክ አድርጎለት ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ለዚህ ዓይነት ሞተር ባዕድ አይደለም። የእኔው ከዚያ በፊት ስለተሠራ ከኋላ ያለው ተራ ሞላና ዘይት ነው። ሞላው ከአርባ ዓመት በላይ ክብደት ተሸክሟል። ዘይቱ ደግሞ በግራው በኩል ወጥቶ አቧራ ይዞ ጥቁር ሆኗል። የሞላውን ማጥበቂያ መጨረሻው ደረጃ ላይ ካደረስኩት ቆይቻለሁ።

ከመግዛቴ በፊት ለካሁ። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ማድረግ ይችላል፤ ሜትርና አንድ ረዳት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቆምኩትና የኋላው ጎማ ተንጠለጠለ። ከጎማው አክሰል መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መቀመጫው ሥር ባለ ምልክት ድረስ ለካሁ። ከዚያ ከማቆሚያው አውርጄ እንደገና፤ እኔ ተቀምጬ እንደገና፤ በመጨረሻ ሁለታችንም ከነሻንጣችን ተቀምጠን እንደገና። ልዩነቱ ዝቅታው ነው፤ ሾኩ ገና ሳንንቀሳቀስ የበላው ልክ ማለት ነው።

የእኔ ሞተር የኋላ ጉዞ (የኋላው ጎማ ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀስበት ልክ) በጠቅላላው ወደ 80 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ ብቻውን 22 ሚሊ ሜትር ወረደ። እኔ ስቀመጥ 38 ሆነ። ሁለታችን ከነሻንጣው ስንቀመጥ 67። ከ80ው 67ቱ ቆመን እያለ አልቋል ማለት ነው። ለጉብታ የቀረን 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የአውራ ጣቴ ስፋት እንኳ ከዚያ ይበልጣል። የባለቤቴ ወገብ ለምን እንደታመመ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። በተለምዶ የሚፈለገው ከነጭነቱ ከጠቅላላው ጉዞ ሲሶ አካባቢ እንዲወርድ ነው። ለእኔ ሞተር ይህ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ነው።

እኔ 74 ኪሎ ነኝ፤ ባለቤቴ 58፤ ሻንጣዎቹ 15። ድምሩ 147 ኪሎ። ይህን የጻፍኩት ለራሴ ማስጠንቀቂያ እንዲሆነኝ ነው። የንፋስ ሾክ ሞተሩን ከፍ ያደርገዋል እንጂ የተፈቀደለትን ጭነት አይጨምርለትም። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ቸርኬው፣ ሻሲው የድሮዎቹ ናቸው። ፋብሪካው የጻፈው የጭነት ልክ እንዳለ ነው የሚቆየው።

ወፍራም ሞላ ማስገባት ለምን አልመረጥኩም? ምክንያቱም ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻዬን ነው የምነዳው። ለሁለት ሰውና ለሻንጣ የሚበቃ ሞላ ብቻዬን ስሆን ድንጋይ ላይ እንደመቀመጥ ነው። ንፋስ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ጭነቱ ሲለዋወጥ አብሮ ይለዋወጣል። ሁልጊዜ ብቻውን የሚነዳ ሰው ቢጠይቀኝ ጥሩ ተራ ሾክ ግዛ ነው የምለው።

ጋሼ ምን አሉ

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። አዲስ አበባ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። እጃቸው አሁንም አይሳሳትም። ሞተሩን ይዤ ሄድኩና ልገዛ ያሰብኩትን ሾክ ስልኬ ላይ አሳየኋቸው።

«ጥሩ ነው» አሉኝ። «መጀመሪያ ግን ያዝልኝማ።»

ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቆምነው። እኔ ፊቱን ያዝኩ። እሳቸው ተቀምጠው የኋላውን ጎማ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ጎን ገፋ ሳብ አደረጉት። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ስሜት እኔ እስካለሁበት ደረሰ። ጎማው ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል! በጣም አይደለም፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል። ግን መንቀሳቀስ አልነበረበትም።

«ጋሼ፣ የጎማው ኩሽኔታ ነው?»

«እሱ ቢሆን ጎማው ብቻ ነበር የሚወዛወዝ። እስኪ እጅህን እዚህ አድርግ» አሉና ጣቴን የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ ከሻሲው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። እንደገና ሲገፉት ጣቴ ሥር ክንዱ ራሱ ሲላወስ ተሰማኝ። «የክንዱ ኩሽኔታ ነው። ያረጀ ኩሽኔታ ላይ ንፋስ ብትሞላ የተበላው እንደተበላ ነው ልጄ። ኩርባ ላይ ይዋልላል ያልከኝ ይኼ ነው።»

እኔ ያንን መዋለል የሾኩ ድካም ነው ብዬ ነበር። በከፊል እውነት አለው፤ ዘይቱ ያለቀ ሾክም ሞተር ያዋልላል። ነገር ግን ሾክ የሚቆጣጠረው ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ነው። ወደ ጎን ያለውን የሚይዘው ክንዱና ኩሽኔታው ነው። ይህን ባላውቅ ኖሮ አዲሱን ሾክ ገጥሜ፣ መዋለሉ ሳይጠፋ ሲቀር ንፋስ እጨምር ነበር። ንፋስ በጨመርኩ ቁጥር ደግሞ ኋላው ከፍ ይላል። ኋላው ከፍ ሲል የፊቱን ጎማ የያዘው ሹካ ቀጥ ወደ ማለት ይሄዳል፤ መሪው ይፈጥናል፤ የሚዋልለው ሞተር ይብስበታል። ሰው ከዚህ ነው የሚወድቀው።

ጋሼ ጎማውንም አዩ። ጎማ ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። የእኔው 2309 ይላል፤ በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ገና አላለቀም፤ ላስቲኩ ግን ደርቆ ጎኑ ላይ ተሰነጣጥቋል። ይህን ያህል ጊዜ ሰው ጭኜ በዚህ ጎማ ስነዳ መክረሜ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ሾኩ ሦስት ሳምንት ቆየ። ክንዱን ፈታነው። ኩሽኔታዎቹ ቅባታቸው ደርቆ ዝገት ይዘው፣ የሚሽከረከሩበት ቀለበት ተቆፋፍሮ ነበር። አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ጎሚኒ፣ አዲስ ቅባት፤ ከዚያ አዲስ የኋላ ጎማ። ክንዱ ወርዶ ሳለ የጎማውን ኩሽኔታና ሻፍቱ የሚጋጠምበትን ጥርስ አየን፤ ደህና ናቸው። ቅባት ብቻ ጨመርንላቸው።

ሾኮቹ ሳይቀየሩ ብቻዬን ወጥቼ ነዳሁት። ያንኑ ዓይነት ረጅም ኩርባ ገባሁ። መዋለሉ የለም ለማለት ይቻላል። ጥግ መምታቱ እንዳለ ነው፤ መብራቱም ወደ ላይ እንዳየ ነው። አንድ በአንድ ባንሠራ ኖሮ የትኛው የትኛውን እንደፈታ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ከንፋስ ሾኩ የምፈልገው ነገር ጠርቶ ታየኝ፦ ክብደት መሸከም፣ ያ ብቻ።

ንፋሱ የሚሠራው እንዴት ነው

የብስክሌት ፓምፕ አፉን በጣት ዘግቶ መግፋት ነው። መጀመሪያ ላይ ይገባል፤ እየገባ ሲሄድ እየጠነከረ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ አልገፋም ይላል። የንፋስ ሾክ ይኸው ነው። ተራ ሞላ በገፋኸው ልክ ነው የሚመልስልህ፤ ንፋስ ግን ወደ ጥጉ በቀረብክ ቁጥር ከልኩ በላይ ይጠነክራል። ለምሳሌ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 40 ፒኤስአይ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ኢንች 40 ፓውንድ፣ የሚያሳይ ከሆነ፣ በዙሪያችን ካለው አየር ግፊት ጋር ሲደመር ትክክለኛው 54.7 ገደማ ነው። ሾኩ ተጨምቆ የንፋሱ ቦታ በግማሽ ቢቀንስ ይህ በእጥፍ ያድግና 109 ይደርሳል፤ ጌጁ ላይ 95 አካባቢ ማለት ነው። ጥግ መምታትን የሚከለክለው ይህ ጭማሪ ነው።

የሚሸከመው ክብደት ደግሞ ግፊቱ ሲባዛ በሚገፋው ስፋት ነው። ስፋቱ 2 ካሬ ኢንች ቢሆን 40 ፒኤስአይ 80 ፓውንድ ይሸከማል፤ በአንድ ሾክ 36 ኪሎ ገደማ። ትንሽ አይደለም።

ንፋስ የማይሠራው ሥራ ግን አለ። ሞላም ሆነ ንፋስ የተገፋውን መልሶ ይገፋል። ያንን መመለስ የሚያረግበው ዘይቱ ነው፤ በትንንሽ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ። ንፋስ ሲጨመር ዘይቱ አይጨመርም። ስለዚህ ንፋሱ ከበዛ መልሶ የሚገፋው ጉልበት ከማርገቢያው በላይ ይሆንና ሞተሩ እንደ ኳስ መንጠር ይጀምራል። ከጓደኞቼ መካከል «የንፋስ ሾክ ገጥሜ ባሰብኝ» ያሉኝን ስጠይቃቸው ብዙዎቹ ንፋሱን እስከ መጨረሻው ሞልተውት ነበር።

ግዢውና ገጠማው

መጀመሪያ ያገለገሉ ሾኮች በ80 ዶላር ገዛሁ። ሻጩ ንፋስ ይይዛሉ ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ 30 ፒኤስአይ ሞልቼ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነከርኳቸው። አንዱ ደህና ነው። ሁለተኛው ዘንጉ ከሚገባበት ጎሚኒ ላይ አረፋ ይደፍቃል። ከቫልቩ ወይም ከቧንቧ መጋጠሚያው ቢሆን ቀላል ነበር፤ አንድ ኦ-ሪንግ (ትንሽ የጎማ ቀለበት) ይፈታዋል። የዘንጉ ጎሚኒ ግን የዚያ ሾክ መለዋወጫ ካልተገኘ ነገሩ አለቀ። ሁለት ሳምንት ፈለግኩ፤ አልተገኘም። 80 ዶላሩ እዚያው ቀረ።

ከዚያ አዲስ ገዛሁ። ስመርጥ አንድ ነገር ላይ ጠንክሬ ቆምኩ፤ ውስጡ ሞላም ያለው እንዲሆን። አንዳንዶቹ በንፋስ ብቻ የሚቆሙ ናቸው። ንፋሱ ድንገት ከወጣ ሞተሩ ጎማው ላይ ይቀመጣል። ሞላ ያለው ግን ንፋሱ ቢያልቅም ቤት ያደርስሃል። ይህ ምርጫ ወዲያው እንደሚጠቅመኝ አላወቅኩም ነበር።

ከዓይን እስከ ዓይን (ሾኩ ላይና ታች በቡሎን ከሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች መካከል) ያለውን ርዝመት ከአሮጌው ጋር አስተያየሁ፤ ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። የዓይኑን ቀዳዳ፣ የቡሽኑን (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ቀለበት) ስፋት፣ የቡሎኑን ውፍረት ለካሁ። ርዝመት ላይ መሳሳት ቀላል ጉዳይ አይደለም። የረዘመ ሾክ የሻፍቱን መጋጠሚያ ያጣምመዋል፤ መሃል ማቆሚያው ላይም ጎማው መሬት ይነካል። ያጠረ ደግሞ ጎማውን ከመከላከያው ጋር ያገናኘዋል።

መፍታቱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሞተሩ በመሃል ማቆሚያው ቆሞ፣ ከጎማው ሥር እንጨት ገብቶ፣ አንዱን ጎን ፈትቼ አዲሱን ገጥሜ ነው ወደ ሌላው የሄድኩት። ሁለቱንም አንድ ላይ ከፈታህ ክንዱ ይወርድና ቀዳዳውን ለማገናኘት ክሪክ ፍለጋ ትሄዳለህ። የድሮዎቹን ሮንዴላዎች በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደረደርኳቸው። ቡሎኖቹን መጨረሻ ላይ በቶርክ ቺያቬ (የጥብቀቱን ልክ በሚለካ ቁልፍ) አጠበቅኩ፤ ያውም ሞተሩ መሬት ላይ ወርዶ። ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል።

የንፋስ ሾክ ከተራው ይወፍራል። ስለዚህ ከመንዳቴ በፊት ያለ ንፋስ አንድ ሙከራ አደረግኩ። ሁለት ጓደኞቼን አስቀምጬ ኋላውን እስከ ጥጉ አስጫንኩና በባትሪ አየሁ። በቀኝ በኩል የሻንጣው ብረት ሾኩን ሊነካ ሦስት ሚሊ ሜትር ነበር የቀረው። ብረቱን በሁለት ሮንዴላ ወደ ውጭ አወጣሁት። ጎማው መከላከያውን አይነካም። በሞላ ሾክ ይህን ለማየት ሞላውን ማውጣት ነበረብኝ፤ በንፋሱ ግን ቫልቩን መጫን ብቻ ነው።

ሁለቱን ሾኮች በአንድ ቀጭን የናይሎን ቧንቧ አገናኝቼ አንድ መሙያ ቫልቭ አደረግኩላቸው። ለየብቻ መሙላትም ይቻላል። ግን በአንዱ 40 በሌላው 33 ሆኖ ከቀረ ክንዱን ያጣምመዋል። ከተገናኙ ሁልጊዜ እኩል ናቸው። ጉዳቱ አንዱ ጋ ከቀደደ ሁለቱም ባዶ መሆናቸው ነው።

ሁለት ስህተት የሠራሁት እዚህ ቧንቧ ላይ ነው። ቧንቧውን በፒንሳ ቆረጥኩት። ፒንሳ ጫፉን ጨፍልቆ ሞላላ ያደርገዋል፤ መጋጠሚያው ውስጥ ክብ ሆኖ አይቀመጥም። በሳሙና ውሃ ስቀባው አረፋ አወጣ። በአዲስ ምላጭ ቀጥ አድርጌ ስቆርጠው ቆመ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ቧንቧውን በግራ በኩል ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አንድ ጣት ርቀት ላይ አሳለፍኩት። ቆሞ ሳለ ምንም አይነካም። ሲነዳ ግን ይንቀሳቀሳል። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ኮልስቪል ሮድ ላይ «ፍስስስ» ሰማሁና ኋላዬ ተቀመጠ። ሙቀቱ ናይሎኑን አለስልሶት ነበር። ያ የውስጥ ሞላ ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም። ቀስ ብዬ ቤት ደረስኩ። አሁን ቧንቧው ከመቀመጫው ሥር፣ ከሻሲው በላይ ነው የሚያልፈው፤ በሦስት ቦታ ታስሯል። ክንዱ ሲወርድ እንዳይሳብ ደግሞ ትንሽ ላላ ብሏል።

ስንት ንፋስ?

ነዳጅ ማደያ ያለውን ኮምፕረሰር አልነካሁም። የሾክ የንፋስ ቦታ ከጎማ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። ለጎማ የተሠራ ኮምፕረሰር በሰከንድ ውስጥ ከልኩ አሳልፎ ጎሚኒውን ሊያፈነዳው ይችላል። የእጅ ፓምፕ በቂ ነው፤ ጥቂት ግፊት ብቻ ነው የሚፈልገው።

መለካቱም የራሱ ጣጣ አለው። 40 ሞልቼ ፓምፑን ነቅዬ መልሼ ስሰካው 35 አለኝ። ቀደደ ብዬ ደነገጥኩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ፓምፑ ሲሰካ የፓምፑ ቱቦ የሚሞላው ከሾኩ በወጣ ንፋስ ነው፤ ጌጁ የሚያሳየው ያ ከወጣ በኋላ ያለውን ነው። በለካሁ ቁጥር እያጎደልኩ ነበር ማለት ነው። መፍትሔው ቧንቧው ላይ ትንሽ ቋሚ ጌጅ መግጠም ሆነ። ከመቀመጫው ሥር ናት፤ ምንም ሳልሰካ አያታለሁ።

የሾኩ መመሪያ ከ10 እንዳያንስ፣ ከ60 እንዳይበልጥ ይላል። ብቻዬን ስሆን በ15 ፒኤስአይ ዝቅታው 27 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ የፈለግኩት ልክ። ሁለታችን ከነሻንጣው በ30 ስንሞክር 37 ነበር፤ ጥግ አይመታም፣ ግን ለስለስ ይላል። በ50 ወደ 22 ወረደ። በወረቀት ሲታይ ጥሩ ይመስላል፤ መንገድ ላይ ግን እያንዳንዱ ስንጥቅ ባለቤቴን ከመቀመጫው ያነሳት ነበር። ዘይቱ ተሸንፏል። በ38 ላይ ቆምን፤ ዝቅታው 30 ነው። እዚያ ላይ የወሰነችው እሷ ናት፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ኋላው ላይ የምትቀመጠው። ቁጥሮቹን በብዕር ጽፌ መቀመጫው ሥር ለጠፍኩ።

መብራቱን ያስተካከልኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ በ38 ሁለታችንም ተቀምጠን፣ ከዚያ በ15 ብቻዬን። ሁለቱ ላይ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ሆኗል ማለት ይቻላል። ዝቅታው አንድ ከሆነ መብራቱም አንድ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ጌጇ ወርዳ አገኘኋት። ማታ ጋራዥ ውስጥ 20 ዲግሪ እያለ 40 አድርጌው ነበር። ሞተሩ ውጭ አድሮ ጠዋት ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ጌጇ 36 ትላለች። ሳሙና ቀባሁ፤ አረፋ የለም። ከዚያ ሒሳቡን ሠራሁት። ከ20 ወደ ዜሮ ሲቀዘቅዝ ንፋሱ ከጠቅላላ ግፊቱ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ54.7 ወደ 51፤ ጌጁ ላይ በትክክል 36 አካባቢ። ከሰዓት ፀሐይ ስታገኘው ተመለሰ። ከፍታም ትንሽ ይነካዋል። ስካይላይን ድራይቭ ከፍተኛ ቦታው 3,680 ጫማ ነው፤ እዚያ ላይ ጌጇ ወደ 2 ፒኤስአይ ትጨምራለች። ለጋሼ ስነግራቸው «አዲስ አበባማ ቢሆን?» አሉኝ። 2,355 ሜትር ላይ፣ እዚህ የተሞላ ሾክ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለቱም ቢሆኑ ንፋስ የሚያስጨምሩ ወይም የሚያስወጡ አይደሉም፤ ሰው ሳያስፈልግ እንዳይደነግጥ ማወቁ ነው የሚጠቅመው።

አሁን ያለበት

ከዚያ ወዲህ ጥግ አልመታም፤ አንድም ጊዜ። በሦስት ሳምንት ውስጥ በተመሳሳይ ሙቀት ሲለካ 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ ለዚህ ዓይነት ጎሚኒ ጤነኛ ነው።

ያልወደድኩትም አለ። ትንንሽ ስንጥቆች ላይ ሾኩ መጀመሪያ ያዝ ያደርግና ነው የሚለቅ። ንፋሱን የሚይዘው ጎሚኒ ዘንጉን ጥብቅ አድርጎ ስለሚይዘው ነው። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ይብሳል። ለስላሳ ጉዞ ብቻ የሚፈልግ ሰው ጥሩ የሞላ ሾክ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ሌላው፣ ኋላው ሲስተካከል የፊቱ ሹካ ድካም ወጣ። ፍሬን ስይዝ አፍንጫው በጣም ይወርዳል። ድሮም እንደዚያ ነበር፤ ኋላው ቀድሞ ስለተቀመጠ አልታየኝም እንጂ። የሹካውን ዘይትና ጎሚኒ በዚህ ክረምት እቀይራለሁ።

ሚያዝያ ላይ ወደ ስካይላይን ድራይቭ ተመለስን። የቆምንበት ቦታ ጋ ስንደርስ ትከሻዬን አንድ ጊዜ መታ አደረገችኝ። ቀነስኩ። ዳር ላይ ሁለት አጋዘኖች ቆመው ነበር፤ እነሱን እንዳይ ነው። ቀስ ብለን አልፈናቸው ሄድን።

በሳምንቱ ጋሼን ልጠይቅ ስሄድ ሞተሩን ዞረው አዩት። ጎማውን ያዙና ገፋ ሳብ አደረጉት፤ አይላወስም። ከዚያ የራስ ቁር ጠየቁኝ። «እስኪ ዙር አንድ ጊዜ ውሰደኝ።» ክብደታቸውን ጠየቅኳቸው፤ «ሰባ ነኝ» አሉ። ሻንጣ የለንም። መቀመጫውን ከፍቼ 32 ሞላሁ። ሜትሩን ያዝኩ፤ እሳቸው ተቀመጡ፤ ጎረቤታቸው ለካልን። 29 ሚሊ ሜትር።

«ጻፈው» አሉኝ። ከባለቤቴ ቁጥር ሥር ጻፍኩት።